ሒሳብ አስተማሪ ይሰጠን ያለው ልጅ

በቅርቡ፣ ጌዶ ከተማ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመምህራን ስብሰባ ነበረን። ረባሽ ተማሪን ምን እናድርገው ሲባል ርእሰ መምህሩ፣ «ከእንግዲህ በቀጥታ ለፖሊስ ማስረከብ ነው» አለ። ብዙዎቹ ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ገመቹ ትዝ አለኝ።

አምቦ ዘጠነኛ ክፍል ስንማር ከገመቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አባቱ ኦቦ ቶላሳ ሸነን አካባቢ ያርሳሉ፤ እሱ ኑሪያ የምትባል ከስልጤ የመጣች በርበሬ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ይማር ነበር። በሯ ላይ የተሰጣው በርበሬ ሲያስነጥሰን ትስቅብን ነበር።

ያን ዓመት ሒሳብ አስተማሪ አልነበረንም። የክረምቱ ጭቃ ደርቆ አቧራ ሆነ፤ በየመንገዱ ዳር የሚጠበሰው የበቆሎ እሸትም አለቀ፤ አስተማሪ ግን የለም። በጠየቅን ቁጥር «ይመጣል» ነው መልሱ። አንድ ቀን ገመቹ ከሰል አንስቶ የርእሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ በኦሮምኛ «የሒሳብ አስተማሪ ስጡን» ብሎ ጻፈ። ወንጀሉ ይኸው ነው። ውኃና ሳሙና የሚያስለቅቀው ከሰል!

ርእሰ መምህሩ ፖሊስ ጠራ። እጁን ጠምዝዘው ሲወስዱት አስተማሪዎቻችን ቆመው ያያሉ። አንዳቸውም «ወዴት ነው?» አላሉም።

ሮጬ ለኑሪያ ነገርኳት። በርበሬውን ሚዛን ላይ እንዳለ ትታ፣ ሻሿን እያጠበቀች ተከተለችኝ። ጣቢያ ስንደርስ ገመቹ በድብደባና በስርቆት ከተያዙ ጎልማሶች ጋር ታጉሯል። ጉንጩ አብጧል።

«እናቱ ነሽ?» አላት ፖሊሱ።

«አከራዩ ነኝ። እናቱ እስክትደርስ ግን እናቱ ነኝ። ልጅን ከትልልቅ ሰው ጋር ማሰር የት አገር ያለ ነው?»

«ሴትዮ፣ ሥራችንን አታስተምሪን!»

«ካላወቃችሁትማ ማን ያስተምራችሁ?»

ከበሩ ንቅንቅ አላለችም። በማግስቱ ኦቦ ቶላሳ ደረሱ፤ ልጁም ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛዋ ዕድሜውንና የት እንዳደረ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባቱ ሳይጠራ፣ ከአዋቂ እስረኛ ጋር ያሳደራችሁት በየትኛው ሕግ ነው?» አለች። ገመቹ ወዲያው ተለቀቀ። ኦቦ ቶላሳ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያሉ ለሁሉም ምስጋና አዳረሱ።

አበቃ ብለን ነበር። ትምህርት ቤት ሲመለስ ግን ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ አቆመው። «ስምህ ተሰርዟል።»

ኦቦ ቶላሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለመኑት። «ዳኛዋ ለቃዋለች እኮ፣ ጌታዬ!»

«እሷ የለቀቀችው ከእስር ነው። እዚህ የማዘው እኔ ነኝ።»

አባትና ልጅ ፍራሹን ጠቅልለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ኑሪያ እስከ አውቶቡሱ እያለቀሰች ሸኘቻቸው።

ዛሬም የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ብዙም ሳይቆይ ሒሳብ አስተማሪ ተመደበልን፤ ጎበዝ አስተማሪ። አስተማሪውን በመላካቸው የልጁ ጥያቄ ልክ እንደነበር አመኑ፤ ልጁን ግን አልመለሱትም። የመታውንም ሆነ ያባረረውን የጠየቀ የለም። ገመቹ አሁን ከብት ይነግዳል፤ ሠርቶ ያድራል። ስንገናኝ ነገሩን አያነሳውም።

በስብሰባው ላይ ተነሥቼ ይህንኑ ነገርኳቸው።

«መምህርት፣ ያ እኮ ያለፈ ነገር ነው» አለኝ ርእሰ መምህራችን።

«እርስዎ ዛሬ ሊደግሙት ነው እንጂ መቼ አለፈ? ልጁን ለፖሊስ ከሰጠነው እኛ ለምን ተቀጠርን?»

ውሳኔው ለሌላ ቀን ተላለፈ። ይተላለፍ። ያን ቀንም እዚያው ተቀምጬ ያገኙኛል።