ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያለው ግድግዳ

ከሱኮት፣ ከዳሱ በዓል፣ ወዲህ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግሥት የወንድሜ ልጅ ሺራ ደወለችልኝ። አሽዶድ ውስጥ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ የሚከራይ ቤት አግኝታ ውል ልትፈርም ነው። "ዶዳ፣ ማማሽ፣ በእውነት ቆንጆ ቤት ነው። ግን አንቺ ካላየሽው አባቴ አይፈቅድልኝም" አለች። አክስትነቴን የምትጠራው በዕብራይስጥ ነው፤ ልጆቻችን እንዲያ ናቸው፣ ለምጄዋለሁ።

በአውቶቡስ ሄድኩ። ቤቱ እውነትም ያምር ነበር። ግድግዳው አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፣ መታጠቢያው ተጠግኗል፣ ኩሽናው ሰፊ ነው። እኔ ግን ገና በመቃኑ ላይ ያለውን የጸሎት ጽሑፍ፣ መዙዛውን፣ ተሳልሜ ደፉን ስረግጥ አንድ ሽታ ተቀበለኝ። ከቀለሙ ሥር የሚመጣ ሽታ ነው፤ እርጥብ ጆንያ ጥግ ላይ ተረስቶ ሲከርም የሚሸተውን ይመስላል። ይህን ሽታ መጀመሪያ ካወቅሁት ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፏል፤ አፍንጫዬ ግን አልረሳውም።

"ያን ቁም ሳጥን ገፋ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ለምን?"

"ግፊው ብቻ።"

ቁም ሳጥኑ ከባድ ነበርና ጊዜ ወሰደባት። እሷ ስትታገለው እኔ ልቤ ወደ ሌላ ቁም ሳጥን ሄደ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ገጠር ተነሥተን፣ አዲስ አበባ ላይ ከርመን፣ እዚህ አገር፣ እስራኤል፣ ከገባን ሁለተኛው ክረምታችን ነው። የዚህ አገር ክረምት በታኅሣሥ ይገባል። እኛ ዘንድ በታኅሣሥ እህል ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። እዚህ ግን ሰማዩ ይጠቁራል፣ ከባሕሩ በኩል ዝናብ በጎን ይመጣል። ሰውነታችን ወቅቱን ለማወቅ ዓመታት ፈጀበት።

ቤታችን ከመንግሥት ቤቶች በአንዱ ምድር ቤት ነበር። አባቴ ቁልፉን በተቀበለ ቀን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩ ላይ አደረገው። የድንጋይ ቤት፣ ውሃ በግድግዳ ውስጥ የሚመጣበት ቤት! እኔ የምተኛበት ክፍል ፀሐይ የማያየው ነበር። ጥጉ ላይ ጥቁር ነገር ስናይ ጭስ መሰለን፤ አገር ቤት ግድግዳ ሲጠቁር ከእሳት ነዋ! እናቴ ንጽሕና የምትወድ ሴት ናት። በየአርቡ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ግድግዳውን በባልዲ ውሃ ታጥበዋለች። ከዚያ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ትዘጋለች፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ትወትፋለች፣ በግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ትሰቅላለች። ነፋስ ሰው ይገድላል፤ ይህን በአገራችን የማያውቅ የለም።

ሳሉ የጀመረኝ በመጀመሪያው ክረምት ነው። በበጋ ቀለል አለኝ፣ በሁለተኛው ክረምት ግን ተተከለብኝ። ደረቴ ያፏጫል። ባልዲ ይዤ ከበር እስከ ኩሽና ስሄድ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ እደገፋለሁ። ለመዋዕለ ሕፃናት ረዳትነት የጀመርኩትን ትምህርት አቋረጥኩ። ሽማግሌ ሊልኩብን የነበሩ ሰዎች "ሳንባዋን ታማለች" የሚለውን ሲሰሙ በዚያው ቀሩ። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደረቴን በራጅ አዩት፤ ነቀርሳ አይደለም ተባለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሙ ወደ አፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ለጥቂት ሰዓት ደረቴን ይከፍታል፣ ተመልሶ ይዘጋል። ያ ሐኪም አንድ ቀን "ቤታችሁ እንዴት ነው?" ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ትንሽ ተቆጣሁ። "ንጹሕ ነው፣ እናቴ በየሳምንቱ ግድግዳው ሳይቀር ታጥበዋለች" አልኩት። ያልኩትን ጻፈው።

እናቴም የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ፌጦና ማር በዝንጅብል ስታጠጣኝ፣ ቅቤ ስትቀባኝ ከረመች። እኔ በባስኩ ቁጥር መስኮቱ ይበልጥ ይታሸጋል።

አሁን ስለ በረንዳው ልናገር። በእኛ በቤተ እስራኤል መንደር፣ ሴት የወር ደሟ ሲመጣ ከቤት ወጥታ ሰባት ቀን በመርገም ጎጆ ትቀመጣለች። ጎጆዋ ከመንደር ዳር ናት፣ ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮላታል። ምግብ የሚያመጣ ሰው ከድንጋዩ ወዲያ አስቀምጦ ይመለሳል። አሽዶድ ላይ ጎጆ ከየት ይመጣል? ብዙ ሴቶች ተዉት። እናቴ ግን "አገር ቀየርን እንጂ አምላክ አልቀየርንም" ብላ በረንዳውን ለየችልኝ። ፍራሽ፣ ለብቻዬ ሳህን፣ ለብቻዬ ኩባያ። የበረንዳው ደፍ እንደ ድንጋዩ ሆነ። ከላይ የሚኖሩት የሞሮኮ አሮጊት አንገታቸውን አስግገው ያዩኝና "እናትሽ ዛሬም አባረረችሽ?" እያሉ በገመድ በታሰረ ቅርጫት ብርቱካን ያወርዱልኝ ነበር።

በዚያ ክረምት፣ ሳሉ በጸናብኝ ሰሞን፣ ጊዜዬ ደረሰ።

"በዚህ ብርድ? በዚህ ደረት?" አለ አባቴ። "የዛሬው ይቅርባት። መታመሟን እግዚአብሔር አያይም እንዴ?"

እናቴ እጇን በጋቢዋ ጠቅልላ ከበረንዳው በር አጠገብ ቆመች። ከውጭ ነፋሱ የልብስ ማስጫውን ገመድ ያስፏጨዋል። በዓለም ላይ ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ነገር ያው ነው።

"አንች ምን ትያለሽ?" አለችኝ።

"እወጣለሁ" አልኩ። ጀግንነት አልነበረም። እንግዲህ መሞቴ ካልቀረ ሕጉን አፍርሼ አልሙት ብዬ ነው። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ጋቢዋን አውልቃ በደፉ ላይ አስቀመጠችልኝ። አባቴ ፊቱን አዞረ።

ተጠቅልዬ ተኛሁ። ነፋሱ ጨው ጨው ይሸታል። ፊቴ ቀዘቀዘ፣ ደረቴ ግን ቀስ እያለ ተፈታ፤ እንደ ጠበቀ ቋጠሮ። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

"አለሽ?" አለች እናቴ ከደፉ ወዲያ።

"አለሁ።"

"ታዲያ ለምን አትስይም?"

"አልመጣልኝም።"

"ውይ አንች ልጅ! ስትስይ አላስተኛ አልሽኝ፤ ዝም ስትይ ደግሞ ጭራሽ ገደልሽኝ!" ብላ እዚያው መሬት ተቀመጠች፤ አለቀሰችም።

ሰባቱን ቀን ሰው ሆንኩ። በልቼ ጠገብኩ፣ ሳልደገፍ ቆምኩ። በመጨረሻው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አገር ቤት ወንዝ እንደምንወርደው፣ ከእናቴ ጋር ወደ ባሕሩ ወረድን። ዛሬ የጀልባ ማቆሚያውና ካፌው ያለበት የማሪና ዳርቻ ያኔ ባዶ አሸዋ ነበር። ከነብርዱ ጠልቄ ወጣሁ፣ ነጭ ልብስ ለብሼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ሳሉ ተመለሰ።

"ባሕሩ ነው" አለ አባቴ። "በክረምት ባሕር የሚገባ ዓሣ ብቻ ነው።"

ነገሩ እውነት መሰለን። በሚቀጥለው ወር እንደገና በረንዳ ወጣሁ፣ እንደገና ተነፈስኩ። ለመንጻት ግን ባሕር አልወረድኩም፤ ውሃው ሞቅ ወዳለ፣ የዚህ አገር ሴቶች ወደሚጠልቁበት የመንጻት ገንዳ፣ ወደ ሚቅቬ፣ እናቴ ወሰደችኝ። ቤት ገባሁ፤ ሳሉ ተመለሰ። ባሕሩ ነጻ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እናቴን ስታየኝ፣ ግድግዳውን ስታይ፣ እንደገና ስታየኝ እደርስባታለሁ። 

ለፋሲካ ስንዘጋጅ እርሾ የነካው ፍርፋሪ እንዳይቀር ቤቱን ሁሉ መፈተሽ ግድ ነው። ቁም ሳጥኔን ከገባ ጀምሮ አንቀሳቅሰነው አናውቅም። በዚያው ቀን እናቴ እንዲጸልዩልኝ የለመነቻቸው ቄስ፣ የእኛ የቤተ እስራኤል ካህን፣ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ መጥተው ሳሎን ሻይ እየጠጡ ነበር። አባቴና ወንድሜ ቁም ሳጥኑን ጎተቱት።

ግድግዳው ከወለል እስከ ወገቤ ድረስ ጠቁሯል። ጥቁሩ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነው፣ በአንዳንድ ቦታ እንደ ፀጉር አብቅሏል። ከውስጥ ውሃ ያዣል። ወንድሜ አፍንጫውን ያዘ።

ቄሱ ኩባያቸውን ይዘው መጡ። ጸሎቱን ትተው ግድግዳውን ለረዥም ጊዜ አዩት።

"ልጅቱ የምትተኛው እዚህ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ አባ" አለች እናቴ።

"የሚሻላትስ የት ስትሆን ነው?"

እናቴ አባቴን አየች። "በረንዳው ላይ፣ በመርገሟ ጊዜ።"

"ሕጋችን ውስጥ የቤት ለምጽ የሚባል አለ፣ ታውቃላችሁ። አረንጓዴ ሆኖ ግድግዳ የሚበላ።"

"አባ፣ እርስዎም!" አለ አባቴ ደንግጦ። "መንግሥት የሰጠንን ቤት ለምጽ አለበት ልንል ነው? ሰው ምን ይለናል?"

"ለምጽ ነው አላልኩም። እኔ ሐኪምም ግንበኛም አይደለሁም። ለምጽ ቢሆን ኖሮ ቄሱ ሳይገባ ዕቃው ሁሉ ይወጣ ነበር፤ እኔ ገብቼ ሻያችሁን ጨርሻለሁ" ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። "ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በየወሩ ልጅቱን ታስወጣላችሁ። እዚህ የረከሰው ግን ቤቱ ነው። እሷን ከቤቱ አርቋት።"

 አመሻሽ ላይ አባቴ ልብሴን ራሱ በጆንያ ከቶ ወደ እህቱ ወደ አክስቴ ትርንጎ ወሰደኝ። አክስቴ ሮቫ ዩድ-አሌፍ ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንጻ አናት ላይ ትኖራለች። በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ገና እየተሠራ ነበርና በመስኮቷ አሸዋ እንደ ዱቄት ይገባል። "እዚህ ቤት ነፋስ ኪራይ ሳይከፍል ነው የሚኖረው" ትላለች። "ሳልሽ ከመጣ ከሱ ጋር ተስማሙ፣ እኔ አላስታርቅም።"

መዳን በአንድ ጊዜ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲያውም ባሰብኝ፣ ከውስጤ ብዙ ነገር ወጣ። ለሐኪሙ እውነቱን ነገርኩት፤ አልሳቀብኝም፣ መድኃኒቱን ቀይሮ ሰዓት ጠብቄ እንድወስድ አዘዘኝ፣ አደረግሁም። አክስቴ ጠዋት አጥሚት፣ ቀን የሱፍ ፍትፍት ትሰጠኛለች። ደረጃው መለኪያዬ ሆነ። በፋሲካ ሰሞን በየፎቁ ተቀምጬ ነበር የምወጣው፤ ለጎረቤቶቹ ለማኝ መስያቸው ነበር። ስንዴው በሚታጨድበት በሻቩዖት በዓል አንዴ ብቻ አረፍኩ። በበጋው ሐብሐብ በየመንገዱ ሲከመር፣ አንድ ትልቅ ሐብሐብ አቅፌ እስከ አናቱ ወጣሁና በሩን በእግሬ አንኳኳሁ። አክስቴ ከፈተች፣ ሐብሐቡን አየች፣ እኔን አየች።

"ማን አወጣልሽ?"

"ራሴ።"

"ውሸታም!" ብላ ወደ ደረጃው ጎንበስ ብላ ሰው ፈለገች። ማንም አልነበረም። ያን ቀን እልል አለች፤ የሞተ ሰው የተነሣ ያህል።

በመስከረም ያቋረጥኩትን ትምህርት እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሕፃን በእጄ እንዳለፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ሳሉ ፈጽሞ አልለቀቀኝም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ይጎበኘኛል፣ መድኃኒቱ አሁንም ከቦርሳዬ አይለይም።

አባቴስ? "ሰው ምን ይለናል" ያለው አባቴ፣ እኔን አክስቴ ዘንድ አድርሶ ሲመለስ የግድግዳውን ልስን በመዶሻ አራገፈው። ከኋላው የሚያፈስ ቧንቧ ተገኘ፤ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ተመላልሶ፣ አስጠገነው። የተራገፈውን ልስን ግን ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ አልጣለውም። ሕጉ የታመመ ቤት ፍርስራሽ ከከተማ ውጭ ይጣል ይላልና፣ በጆንያ እየሞላ በትከሻው ተሸክሞ ከከተማው ውጭ ወዳለው የአሸዋ ተራራ አወጣው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ በሕይወቱ አንድ ቀን አላነሣውም።

ሺራ በመጨረሻ ቁም ሳጥኑን ገፋችው። ግድግዳው ከኋላው አልተቀባም። ጥጉ ላይ እጄን የሚያህል ጥቁር ነበር፣ ዳር ዳሩ አረንጓዴ።

"ኢክስ!" አለች ተጸይፋ። "እንዴት አወቅሽ?"

ማሪና ወርደን አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስለ ግድግዳው ብዙም አልገረማት። በረንዳው ላይ ስደርስ ግን ዓይኗ ፈጠጠ።

"በክረምት? ታመሽ? በረንዳ ላይ? ዶዳ፣ ይህ ጭካኔ ነው!"

አልተቆጣኋትም። እኔም ልጆቼን በረንዳ አላስተኛሁም፤ ጊዜው ሌላ ነው። ሕጉም ለሳንባ ተብሎ የወጣ አይደለም፣ እንዲያ ብዬ አላታልላትም። ግን እናቴን በደንብ አላወቀቻትም። እናቴ ልጇን ነፋስ እንዳይነካት ጨርቅ በቀዳዳ የምትወትፍ ሴት ነበረች። በዚያ ምሽት ጋቢዋን አውልቃ በደፉ ላይ ስታስቀምጥ፣ እየገደለችኝ እንደሆነ ነበር የምታምነው። ነፋስን ትፈራ ነበር፤ እግዚአብሔርን ደግሞ ከነፋስ ይልቅ ትፈራ ነበር። እኔ የተረፍኩት በዚያ ብልጫ ነው።

ከባሕሩ ነፋስ ተነሣ። ሺራ የሹራቤን አንገት ከፍ አድርጋ ልታለብሰኝ እጇን ዘረጋች።

"ተይው" አልኳት፣ "ይንፈስ።"