ከሰኞ ጀምሮ የተዘጋው ባሕር

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዘመሮ

ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከመምህር ተስፉ ጋር በኢሱዙ ከዘመሮ ተነሣን። የምንሄደው በመርሐቤቴ በኩል ባለው ቆላ ወደሚገኘው የደብር ባሕር ነው። ባሕር ይባል እንጂ፣ አንድ ትንሽ ወንዝ ጀማ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ገደል ሥር የሚሰፋበት ጥልቅ ውኃ ነው። ከበላዩ ካለው ደብር ታቦቱ ለጥምቀት የሚወርደው እዚያ ነው፤ ከየከተማው እየመጣን መንጠቆ የምንጥለውም እዚያው። ዘንድሮ ግን የጠሩን የደብሩ ቄሰ ገበዝ ናቸው። አሳው እያለቀ ነውና ኑና እንምከር ብለው ላኩብን።

ተስፉ ጎረቤቴ ነው። እኔ የወረዳ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤት መዋል ሲሰለቸኝ መንጠቆ መጣል ያስተማረኝ እሱ ነው። ሴት አሳ አጥማጅ አየን ብለው ሰዎች ሲስቁብኝ አብሮኝ በመታየቱ አላፈረም። ስለዚህ በዚያ ጉዞ ላይ ከማንም ይልቅ የምተማመነው በእሱ ነበር።

መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ስለሆነ ረዳቱ የተለመደውን ታሪፍ እጥፍ ጠየቀን። ተጨቃጨቅን፣ ከፈልን። ደጋው ላይ ገብሱ ታጭዶ ማሳው ባዶ ነው፤ ብርዱ በሸራው ሥር እየገባ ጉልበታችንን አሳመመን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋቢያችንን አጠፍን፤ ማሽላ የተቆረጠበት ማሳ ሲመጣ ሹራባችንንም አወለቅን። መኪናው ከቆመበት የቀረውን በእግራችን ወረድን።

ውኃው ዳር

እንደደረስኩ የመንጠቆ ክሬን ጣልኩ። ድሮ ትሉ ውኃ ሳይነካ የሚጎተትበት ቦታ ነበር። ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ የያዝኩት ከጣቴ የማይበልጥ አንድ ነጭ አሳ ብቻ ነው፤ እሱንም መለስኩት። ከጎኔ የተቀመጡት ከቀየት ከተማ የመጡ ሰዎች ባዶ ፌስታላቸውን እያዩ የቆላውን ገበሬ ይረግማሉ። ደሜ መፍላት የጀመረው ያኔ ነው።

ምክሩ ሾላ ሥር ተጀመረ። ምክር ካልነው። የከተማዎቹ ሰዎች ገበሬው ለወባ በተሰጠው አጎበር ጫጩቱን ሳይቀር ይጠርጋል አሉ። ገበሬዎቹ ደግሞ ጾም በመጣ ቁጥር ለምግብ ቤት የሚሸጥ አሳ ፍለጋ መረብ ይዞ የሚመጣው ማን ነው ብለው መለሱ። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ የሚበትን፣ አሳውን አስክሮ የሚለቅም አለ ሲባል ሁሉም ሌላውን አየ። እኔም የሰማሁትን ሁሉ ተናገርኩ፤ ድምፄ ከወንዶቹ አላነሰም።

ክርክሩን ያበረዱት አቶ ሽፈራው ናቸው። ተወላጅነታቸው መንዝ ነው፤ በጋብቻ ቆላ ወርደው እዚያው ያረጁ፣ ከመንጠቆ በቀር ሌላ ነገር ውኃው ውስጥ ከትተው የማያውቁ ሰው ናቸው።

«እኛ መንዝ የጓሳ ሣር ዛሬም ቤት የሚከድነው ማጭድ ሳይነካው ለዓመታት ተዘግቶ ስለሚከርም ነው» አሉ። «ሁሉም ባሻው ቀን ቢያጭደው ድንጋዩን ነበር የምናየው። ይህንንም ሁለት ክረምት እንዝጋው።»

ተስፉ ተነሣ። «ሣር እግር የለውም፤ አሳ ግን ይሄዳል። እኛ የተውነውን ከታች ያሉት ይይዙታል። የምንጾመው ለሰው ነው።»

ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም፤ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን አሳው በክረምት ሽቅብ ወጥቶ እንደሚራባና የምንጨርሰው ከመራባቱ በፊት እንደሆነ ተናግሬ ከአቶ ሽፈራው ጎን ቆምኩ። ተስፉ ዞሮ አየኝና መንጠቆ አያያዝ ያስተማረኝ ማን እንደሆነ በሰው ፊት ጠየቀኝ። አንተ ነህ አልኩት፤ አልካድኩም።

ገበሬዎቹ ቄሰ ገበዝ ውኃውን እንዲገዝቱላቸው ለመኑ። እሳቸው እንቢ አሉ፤ ልብ ያልተከተለው ግዝት ይናቃል፣ መጀመሪያ እናንተ ቃል ግቡ አሉን። ሲመሽ እያንዳንዳችን ተነሥተን መስቀላቸውን ተሳልመን ለሁለት ክረምት ላናጠምድ ቃል ገባን። ተስፉም ተሳለመ። ከጾሙ ጋር አብሮ ከሰኞ ጀምሮ ይሁን ያለው እሱ ነው። መልካም ሐሳብ መስሎን ሁላችንም ተቀበልን።

ማታ አቶ ሽፈራው ቤት ቅበላ ነውና ዶሮ በማሽላ እንጀራ በላን። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

እሑድ

ጎሕ ሲቀድ ከታች በሚሰማ ጫጫታ ነቃሁ። የተስፉ መኝታ ባዶ ነበር። ከአቶ ሽፈራው ጋር ወረድን።

ትናንት መስቀል ከተሳለሙት ግማሽ ያህሉ ውኃው ውስጥ ናቸው። የቀየት ሰዎች ከረጢት ይዘዋል፤ ገበሬዎቹ አጎበር ዘርግተዋል። ከላይ በኩል ብርብራ ተበትኖ አሳው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይሽከረከራል። ትናንት እርስ በርስ የተካሰሱት በጠዋቱ ተረዳድተው ይጎትታሉ። የመረቡን አንድ ጫፍ የያዘው ተስፉ ነው።

ምን እያደረግህ ነው አልኩት።

«ቃላችን ከሰኞ ጀምሮ ነው» አለ። «ዛሬ እሑድ ነው።»

አልሳቀም፣ አላፈረምም። ሒሳብ እንደሚያስረዳ መምህር ነበር የተናገረው። እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያቃጥለኝ ይኸው አነጋገሩ ነው።

አቶ ሽፈራው ከነልብሳቸው እስከ ወገባቸው ገብተው መረቡ ላይ ቆሙ። ከዳር ያሉት እርስዎ ይውጡ፣ ይታመማሉ ይሏቸዋል፤ መረቡን ግን የለቀቀ የለም። እኔም የትል ማውጫ ቢላዬን ይዤ ገባሁና ገመዱን ቆረጥኩ። ተስፉ እጄን ያዘኝ፤ ዐይኔን ሲያይ ለቀቀኝ። መረቡ ተከፍቶ አሳው ወጣ። የሰከረ አሳ ግን የት ይሄዳል? ሞቶ ቁልቁል ተንሳፈፈ። ለከንቱ መቁረጤን እዚያው አየሁት።

ቅዳሴ ሲያበቃ ቄሰ ገበዝ ወረዱ። ሰዉ ከረጢቱን ከኋላው ደበቀ። እሳቸው ግን የሞተውን አሳ አዩ።

«የሚመጣው ጥምቀት ታቦቱ እዚህ አይወርድም» አሉ። «ሌላ ውኃ እንፈልጋለን።»

ተመልሰው ሽቅብ ወጡ። ጥቂት ገበሬዎች የያዙትን ጥለው ሊለምኗቸው ተከተሏቸው። ተስፉ የከረጢቱን አፍ አሰረ።

ዘመሮ

አብሬው አልተሳፈርኩም። ሌላ መኪና ጠብቄ፣ እግሬ እንደረጠበ፣ ማታ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አንድ ትልቅ አምባዛ አሳ አሳየኝ፤ ተስፉ ቀድሞ ደርሶ የሚስትህ ድርሻ ነው ብሎ ሰጥቶታል። በጅራቱ አንጠልጥዬ ወስጄ ተስፉ በር ላይ አስቀመጥኩለት። ወጥቶ ጎረቤት አይደለንም እንዴ አለኝ። ነበርን አልኩት።

ባሕሩን የሚያጠፋው የማናውቀው ሌባ ይመስለኝ ነበር። አጥፊዎቹ ግን መስቀል የተሳለምን ሰዎች ሆንን። ክፉን ነገር ከሰኞ ጀምሮ እንተው መባባል ለእሑድ ፈቃድ መስጠት እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ከተስማሙት አንዷ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ለአቶ ሽፈራው ደውዬ ነበር። ቃሉ ተከብሯል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ተከብሯል አሉኝ፤ የሚያዝ ስለሌለ የሚመጣ ሰው የለም።