ሽታው የማን ነበር

ከመምህራን ስብሰባ ስወጣ ነው የያዙኝ። «ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ፤ ጃንጥላዬን እንኳ ሳላነሳ ሄድኩ። መቱ ውስጥ ቀድሞ ቢሮ የነበረ፣ አሁን እስረኛ የሚያቆዩበት ክፍል ከፍተው አስገቡኝ። ግድግዳው ላይ የተነቀለ መደርደሪያ ምልክት አለ፤ ጥጉ ላይ በር የሌለው መታጠቢያ ቤት። ከሁሉ በፊት የተቀበለኝ ግን ሽታው ነው። ዓይን ያስነባል።

«ከዚያ ነው» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ፣ በአገጩ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ደፍ እያመለከተ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የኢሉባቦሩ ቡሬ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡ እሳቸውን አምጥተዋቸዋል። እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል፤ ዝሆኔ ነው፤ ቀይ አፈር በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ብዙ ሰው በእኛ አገር አለበት። ነጋዴው ቀልደኛ ነው። «የዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ይባል ነበር፤ የእኛ ቤት ከወደ እግር ሆነ» አለ። ሰው ሳቀ። ሽማግሌው እግራቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከየቤታችን የሚመጣውን ምግብ አንድ ትሪ ላይ አድርገን ነበር የምንበላው። እሳቸው ግን ድርሻቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ማንም አልጠራቸውም። ጠዋትና ማታ እግራቸውን በሳሙና አጥበው የጣቶቻቸውን መሐል ሳይቀር ያደርቃሉ። አንድ ቀን ጠባቂውን «በረንዳ ላይ አሳድረኝ፣ ሰው ተቸገረብኝ» እያሉ ሲለምኑ ሰማኋቸው። ዝናቡ ይወርዳል፤ ኢሉባቦር መቼ ያባራል። ጠባቂው «አለቃን እጠይቃለሁ» አላቸው። በዚያ ብርድ ውጭ ቢያድሩ አይከርሙም።

ዝናቡ ሲብስ ሽታውም እንደሚብስ ልብ ያልኩት ያን ዕለት ነው። የሰው እግር ከዝናብ ጋር ምን አገናኘው? ጎሬ ቤት ተከራይተን ሳለን ባለቤቴ ክረምቱን ሙሉ ለቤቱ ሽታ ካልሲዬን ስትከስ ከርማ፣ ጥፋተኛው የእጅ መታጠቢያው ሆኖ ተገኝቷል። ተነስቼ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ጎንበስ አልኩ። እንደጠረጠርኩት ነው። ከሳህኑ ሥር መኖር ያለበት ቆልማማ ቱቦ፣ ሲፎን የሚሉት፣ የለም። በእኛ አገር ቢሮ የቡና አተላ ሁሉ እዚያው ስለሚደፋ ሲፎኑ ይደፈናል፤ የሰለቸው ሰው ነቅሎ ይጥለውና ቀጥ ያለ ቱቦ ይሰካል። ውሃው ደህና ይወርዳል። ቆልማማው ውስጥ ተኝቶ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ግን ስለማይኖር፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ ትንፋሽ ሽቅብ ወደ ቤት ይገባል፤ ዝናብ ጉድጓዱን ሲሞላው ደግሞ ይብሳል።

«አባቴ፣ እርስዎ አይደሉም» አልኳቸው።

«ተወኝ ልጄ፣ ልታጽናናኝ ነው። እኔ ራሴን አውቃለሁ።»

ይህ ነው የከበደኝ። እሳቸውም አምነውታል።

ጠባቂውን ቁራጭ የውሃ ጎማ ለመንኩት።

«ለምን? ሊያመልጡ ነው ጋሼ?»

«በዚህ ጉድጓድ ካመለጥኩማ አትከተለኝ።»

ሳቀና ከግቢው ቆርጦ አመጣልኝ፤ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የውስጡን ላስቲክ፣ ቅዳጅም ጨመረልኝ። ቀጥ ያለውን ቱቦ ነቅዬ ጎማውን ሰካሁ፤ ወደ ታች አጥፌ መልሼ ወደ ላይ አነሳሁት፤ መጋጠሚያውን በከመነዳሪው ጠፍሬ አሰርኩ፤ በወለሉ ቀዳዳ ዙሪያ ፌስታል ጠቀጠቅሁ። ነጋዴው «መምህር፣ ዲግሪው ለዚህ ነበር?» ይለኛል። አንድ ጆግ ውሃ ደፋሁበት። እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሯል።

ምሳ ደረሰ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የሚሸተው ግን ሽሮ ወጥ ብቻ ነው። ነጋዴው ወደ መታጠቢያው አየ፣ ወደ ሽማግሌው አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። ተነስቶ ትሪውን ወስዶ ሽማግሌው ፊት አስቀመጠው። «አባ ኮ፣ ዛሬ እዚህ ነው የምንበላው» አለ። በቋንቋቸው አባቴ ብሎ ሲጠራቸው የመጀመሪያው ነው። ሁላችንም ወደ እሳቸው ተጠጋን።

ታላቅን የሚያስታጥብ ታናሽ ነው። ጆጉን ላነሳ ስል ሽማግሌው ቀደሙኝ። በዚያ እግራቸው ተነስተው ቆሙ።

«ኧረ አይሆንም አባቴ፣ ነውር ነው» አልኩ።

«ነውሩ አለቀ» አሉ። «እጅህን ዘርጋ።»

ጥቁሩ እስኪለቅ ድረስ እስከ ክርኔ አስታጠቡኝ። ከዚያ በየተራ ሁሉንም፤ ነጋዴውንም። እሱ እጁን ሲዘረጋ ቀና ብሎ አላያቸውም። እሳቸው ሳሙና ጨመሩለት።

በማግስቱ እንደገና ለጥያቄ ጠሩኝ። «ጥፋትህን ራስህ ታውቀዋለህ» አለኝ መርማሪው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህንኑ ሲደጋግምብኝ፣ ምናልባት አጥፍቼ ይሆናል ማለት ጀምሬ ነበር። ሰው ያልሠራውን እስኪያምን ድረስ ሊነገረው እንደሚችል ግን አሁን አይቻለሁ። «ጥፋት የለብኝም» አልኩት።

ከተፈታን ወዲህ ሽማግሌውን አላገኘኋቸውም። ዛሬ ቤታችን መታጠቢያው ሲደፈን ባለቤቴ «ሠራተኛ ጥራ» ትለኛለች። አልጠራም። ሲፎኑን ራሴ ፈትቼ፣ አተላውን ጠርጌ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ። ከዚያ ሁለት እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ፤ እሷ ጆጉን ታነሳለች። ታሪኩን ስለምታውቅ ቀስ ብላ ነው የምታፈሰው።