ፀደንያና የርቢ ኮራሎቿ

መልካሙ የሚባለውን ሰው ስሙን ስጠራ ምላሴን ይመረኛል። ጣና ዳር ሎጅ ያለው፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም ሰው ነው፤ ከተማው ጋሼ ይለዋል፣ ይበለው። እኔ የማወራው ስለ ፀደንያ ነው። ግሽ አባይ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለች። ዝምተኛ ናት ሲሏት እስቃለሁ። ዝም የምትለው ንዴቷን ስታኝክ ነው።

ሎጁ እንግዳ ጠፍቶ የተዘጋ ጊዜ መልካሙ የቤት ዕቃ ይሸጥ ነበርና ቁም ሳጥን ልናይ አብረን ሄድን። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ትልቅ የመስታወት ገንዳ ቆሟል፤ ውኃው አረንጓዴ፣ ሽታው አፍንጫ የሚበጥስ። ውስጡ ኮራል ነበር። ኮራል ማለት ድንጋይ የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው፤ እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ለእንግዳ መስህብ ብሎ ከጅቡቲ በስንት መከራ አስመጥቶ፣ እንግዳ ሲቀር ረሳው። ፀደንያ እጇን እስከ ክርኗ ነክራ ዳሰሰችና "ይኼ እኮ አልሞተም!" አለች።

"ቆሻሻ ነው። ከነገንዳው አንሽልኝና ልገላገል" አላት። በዚች ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከነገንዳው ካስመጣችው ወዲያ ቤቷ ቤት መሆኑ ቀረ። የባሕር ጨው ከአዲስ አበባ ታስመጣለች፣ በተጣራ ውኃ ትበጠብጣለች፣ ትለካለች፣ ትደፋለች፣ እንደገና ትበጠብጣለች። ልጋጉን በጥርስ ብሩሽ ትፍቃለች። የበሰበሰውን ጫፍ ቆርጣ ትጥላለች፤ ደህናውን ቅንጣቢ ደግሞ በጠጠር ላይ በሙጫ ትለጥፋለች። እያንዳንዱ ቅንጣቢ ራሱን ችሎ ያድጋል አለችኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ከባትሪ ጋር ትታገላለች። በዐቢይ ጾም የዓሣ ድቃቂ ስታጎርሰው ግቢው "ድንጋይ ጾም ታስገድፋለች" ብሎ አማት። አከራያችን ፊት ነሳቻት። እኔም "ባል አግቢ ብንልሽ ድንጋይ አገባሽ?" ብያት አኮረፈችኝ።

ግን ዳነ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እየጮኸች ጠራችኝ፤ ያ ግራጫ ድንጋይ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ የሕፃን ጣት የመሰለ ነገር ከየቀዳዳው አውጥቶ ያወዛውዛል። ኧረ በስመ አብ! ፀደንያ እያለቀሰች ትስቃለች። ቅንጣቢዎቹም አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ።

ወሬው መልካሙ ጆሮ ደረሰ። ሎጁን መልሶ ሊከፍት ነው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ አዲስ ገንዳ አቁሟል። መጥቶ "ንብረቴን!" እያለ በራችን ላይ ጮኸ፤ ፀደንያ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ክስ እንደማያዋጣው ሲያውቅ ምን አደረገ? ሽማግሌ ላከ። ያውም የእሷኑ የንስሐ አባት፣ አባ ወልደ ሐዋርያትን፣ አስቀድሞ! ሽማግሌ እሺ ካልተባለ አይቀመጥ፤ ሦስቱም ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ምን ታድርግ? በእነሱ ለመዳኘት እሺ አለች፤ መልካሙም ተጠርቶ መጣ።

አባ ነገሩ እንስሳ መሆኑን ሲሰሙ ፍርዱ ቀለላቸው። "እንግዲያ እንደ ርቢ ነው" አሉ። በገጠር ላሙን ለሌላ ሰው በርቢ የሰጠ፣ ላሚቱ የእሱው ናት፤ ጥጃውን ከአርቢው ጋር እኩል ይካፈላል። "እናትየው ለመልካሙ ትሁን። ቅንጣቢዎቹን እኩል ተካፈሉ።"

"አባ፣ ጥሎት እኮ ነው!" አለች ፀደንያ።

"ላሙ ስለከሳችበት ቢጥላትም ያው ባለቤቷ ነው፣ ልጄ።"

"ሞቶ ቢሆን ኖሮ ይጠይቅ ነበር ወይ?" አልሁ እኔ።

"አገርነሽ፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ መልካሙ። ስድቤን ዋጥሁት፣ ለአባ ስል።

በማግስቱ በፒካፕ መጣ። ቅንጣቢዎቹን ለሌላ ቀን ትቶ እናትየውን ሊወስድ ነው፤ አባም ርክክቡን ሊያዩ አብረው መጥተዋል። የጫነውን በርሜል በሐይቁ ውኃ ሞልቶታል። ፀደንያ ይህን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ጋሼ መልካሙ፣ የጣና ውኃ ጨው የለውም። ይገድለዋል። ይኸው የለመደውን ውኃ በባልዲ ቀድቻለሁ፣ በዚህ ይውሰዱት። ገንዳዎንም እኔ መጥቼ አዘጋጅልዎታለሁ።"

"ጣና ያልበቃው እንስሳ! እኔን ያሳደገ ውኃ አንድ ድንጋይ ሊገድል? ልታስቀሪው ፈልገሽ ነው እንጂ!"

ለመነችው። ፀደንያ ሰው ስትለምን አይቼ አላውቅም። ባልዲውን ታቅፋ እግሩ ሥር ተንበረከከች። እሱ ባልዲውን በጫማው ገፋው፤ ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ኮራሉን በርሜሉ ውስጥ ሲጥለው ያ ሁሉ ጣት ተኮማትሮ ገባ። አባ ቆመው አዩ።

ሳምንት ሳይሞላ መልካሙና አባ ተመለሱ። መልካሙ በፌስታል የያዘውን ዘረገፈው፤ ነጭ አጥንት ሆኗል፣ ይከረፋል። "የታመመ ሰጥታኝ ነው" አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው! አጥንቱን መልሶ በፌስታሉ ከተተና "አሁን ግማሽ ድርሻዬን፣ ቅንጣቢዎቹን" አለ።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ የሆነው ሆኗል። ድርሻውን ስጪውና ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።"

ፀደንያ ገንዳው ፊት ቆማለች። "ድርሻውን ሰጥቻለሁ አባ። ያውና በፌስታል ይዞታል።"

"ሽማግሌ ትንቂያለሽ?" ብሎ ጮኸ መልካሙ።

"ጩህ! ስትፈልግ ሙሉ ቀን ጩህ! አንድ ቅንጣቢ ከዚህ ቤት አይወጣም!"

አባ ለእርቁ መስቀላቸውን አወጡ። መልካሙ ቀድሞ ሳመ፤ ለእሱ ምን ችግር አለው። ከዚያ መስቀሉ ወደ ፀደንያ ተዘረጋ። ፀደንያ የእሳቸው የንስሐ ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መስቀላቸውን ሳትስም አልፋቸው አታውቅም። ዛሬ ግን አልጎነበሰችም።

"ይቅርታዎን አባ" አለች። "ይህን ሰው ይቅር አላልሁትም። መስቀል ስሜ አልዋሽም።"

መስቀሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አልሳምሁም።