ሁለት ሴቶች በአንድ መዳመጫ

ሸሕዲ ያለው የጥጥ መዳመጫ ከስንት ዓመት በኋላ ሊከፈት ነው ሲባል፣ ውባንች እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ገና ሳይነጋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ከበሩ ቆመች። በኮረዳነቷ ገብታ ፀጉሯ የሸበተው እዚያው ነው። ፍሬውን ከጥጡ የሚለየው መኪና ጆሮዋን ስላደነዘዘው፣ ቤቷ ሆና ስታንሾካሹክ እንኳ ጎረቤት ይሰማታል። ሰፈርተኛው “ውባንች ምሥጢር አታውቅም” እያለ ይስቅባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ደስታዋን የምታደፈርስባት አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ባየሽ። ሁለቱ ከአንድ መዳመጫ ግራና ቀኝ ቆመው ጥጥ ሲያጎርሱት ነው የኖሩት። በዚያ ጩኸት ድምፅ ስለማይሰማ በእጅ ምልክት ያወሩ ነበር፤ የባል ነገር፣ የወጥ ነገር፣ ሐሜቱ ሳይቀር። ታዲያ ፋብሪካው ሊዘጋ ሰሞን ከጥጡ ጋር ድንጋይ ገባና የመዳመጫውን ጥርስ አረገፈው። “በአንቺ በኩል ነው የገባው” ተባባሉና ተኳረፉ። ሽማግሌ ቢገባም አልሆነም።

ጠዋት የፈረቃው አለቃ ምናለ ሁለቱን ጠራቸው።

“እትዬ ውባንች፣ እትዬ ባየሽ፣ የድሮ ቦታችሁን ያዙ። አብረን አንሠራም ካላችሁ ግን ለሌላ ጥንድ እሰጠዋለሁ።”

ውባንች ዓይኗን ባየሽ ላይ ተከለች። ባየሽ እምቢ ካለች መዳመጫው ቀረባት ማለት ነው። ባየሽ ግን ሄዳ በግራ በኩል ቆመች።

ሞተሩ ተነሣ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ ብናኙ ተነነ፣ የውባንች ልብ በደስታ ዘለለ። እጇ ሥራውን አልረሳውም፤ ብቻዋን እየሳቀች ታጎርሰዋለች። ፀሐዩ በርትቶ ቆርቆሮው መጋል ሲጀምር ቀና አለች። ባየሽ እያየቻት ነበር። አውራ ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ይህን ምልክት ከእነሱ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ “ሂጂ ውሃ ጠጪ፣ የአንቺንም ጥጥ እኔ አያለሁ” ማለት ነው። አሁን ድንጋይ ቢገባ ጥፋቱ የባየሽ ብቻ ይሆናል።

ውባንች ውሃ አልጠማትም። ቢሆንም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች፤ ከኒሙ ዛፍ ሥር ካለው ጋን ቀድታ አንድ ጣሳ ሙሉ ጠጣች። ስትመለስ ያንኑ ምልክት ለባየሽ ሠራችላት። እስከ ምሳ ድረስ እየተፈራረቁ ሲጠጡ፣ የሁለቱም ሆድ በውሃ ተነፍቶ ነበር።