ደጃችን ላይ የቆመው ልብስ ስፌት ቤት

ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ደብረ ማርቆስ ሳስተምር የስልክ ካርታ፣ ገበያ አጠገብ ያለውን የሙሉቀንን ልብስ ስፌት ቤት እኛ ደጃፍ ላይ ያሳይ ነበር። እናቴ ደግሞ ተሳስቶ የመጣን ደንበኛ እህል ሳታቀምስ አትሸኝም፤ ሙሉቀን ደንበኛውን ሊወስድ ሲመጣ እሱንም ታስቀምጠዋለች፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ አስታጥበዋለሁ። ካርታውን ማረም ስችል፣ እሱ መምጣቱን እንዳይተው ብዬ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ግን ሠርጓ የደረሰ ልጅ በዝናብ በስብሳ ስትመጣ ህሊናዬ እምቢ አለኝና አረምኩት።

ከዚያ ወዲያ ተሳስቶ የሚመጣ ጠፋ። በሳምንቱ ሙሉቀን ብቻውን መጣ።

“ዛሬስ የጠፋብህ ደንበኛ የለም፣ ልጄ” አለችው እናቴ።

እሱ መሬት መሬቱን እያየ፣ “እማማ፣ ካርታው ላይ ከደጃችሁ ያነሳኝ ማነው? አስቤበት ነበር እኮ ያስቀመጥኩት” አለ።