የወይዘሮ ዘይነባ ሳንቡሳ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ሜክሲኮ አካባቢ ካፌ ውስጥ ቃለ መጠይቅ አደረገችልኝ። "ጋዜጠኝነትና የወንጀል ልብ ወለድ እንዴት አብረው ሄዱልዎ?" አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ የቆየ መልስ አለኝ፤ "አንዱ ለሌላው ስንቅ ነው" እላለሁ፣ ጠያቂዎቹም ይጽፉታል። እሷም ጻፈችው። ማኪያቶዬ ቀዘቀዘ፤ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያዘኝ። ቀስ እያልኩ በእግሬ ወደ ልደታ ሳዘግም ለልጅቷ ያልነገርኳት ነገር ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከደሴ መጥቼ በአንድ አነስተኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የፍርድ ቤት ዜና እጽፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልደታ ችሎት እሰማለሁ፤ ከሰዓት ዜናዬን አስረክባለሁ፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ ልብ ወለዴን እቀጥላለሁ። እንቅልፍ ጠግቤ አላውቅም። ድካሜ የጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ዜናዬ አራት መስመር ሆኖ ይወጣል፣ የሚያነበው የለም። ልብ ወለዶቼ ግን በየታክሲው ይነበቡ ነበር፤ ይህ ደግሞ ልቤን አሳብጦት ነበር።

በዚያ ዓመት ከተከታተልኳቸው ጉዳዮች አንዱ የወይዘሮ ዘይነባ ነበር። ከወሎ መጥተው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖሩ፣ አርባውን ያለፉ ሴት ናቸው። ብረት በያጅ የነበሩት ባላቸው አንድ ጠዋት ሥራ ቦታቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ወይዘሮ ዘይነባ ባላቸውን መርዘው ገድለዋል ተብለው ተከሰሱ። ቢጫ ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ግራ እግራቸውን ትንሽ ሳብ እያደረጉ ችሎት ሲገቡ አያቸዋለሁ። ሲጠየቁ፣ ከመመለሳቸው በፊት ረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። እንዲህ ያለው ዝምታ ለተከሳሽ ባይበጅም ለልብ ወለድ ጸሐፊ ይጣፍጣል።

ፍርዱን ሳልጠብቅ መጽሐፉን ጨረስኩት። ስማቸውን ቀየርኩ፤ ቢጫውን ሻሽ፣ የሚሳበውን እግር፣ ምስክሮች የጠቀሱትን የቤታቸውን አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ግን እንዳለ ተውኩት። በመጽሐፌ ውስጥ ሚስትየዋ ባሏን የምትገድለው በሳንቡሳ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ሳንቡሳ እየጠበሱ እንደሚሸጡ ከምስክር ሰምቼ ነበርና ለታሪኩ ያማረ መስሎ ታየኝ።

መጽሐፉ በወጣ በወሩ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ሰውየውን የገደላቸው የከሰል ጭስ መሆኑን መሰከረና ወይዘሮ ዘይነባ በነጻ ተሰናበቱ። ዜናውን ጻፍኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከማስታወቂያ በታች ወጣ።

ኅዳር ውስጥ፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ወይዘሮ ዘይነባ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠበቁኝ።

"ያን መጽሐፍ የጻፍከው አንተ ነህ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"ወላሂ፣ ዳኛው ሲለቀኝ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን 'ጋዜጠኛው ችሎት ተቀምጦ የሰማውን ነው የጻፈው፤ የተታለለው ዳኛው ነው' ይላሉ። ከእጄ የሚበላ ጠፋ። ለቅሶ ቤት የወሰድኩት ምግብ እንኳ እንዳለ ተመለሰ። ረመዳን ሊገባ ነው፤ ሳንቡሳዬን ማን ይበላል?"

"እትዬ ዘይነባ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው" አልኩ።

"ለእኔ አትንገረኝ። መጥተህ ለእነሱ ንገራቸው።"

የእድራቸው ስብሰባ እሑድ ነበርና ሄድኩ። ጠባቡ መንገድ የብረት ብናኝና የተጠበሰ ሽንኩርት ይሸታል። ሠላሳ የሚሆን ሰው ከአረንጓዴው በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል። የእድሩ ዳኛ፣ ሀጂ ሰኢድ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አስተዋወቁኝ። ቆሜ "ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እትዬ ዘይነባ ማንንም አልገደሉም" አልኩ።

"ታዲያ በሩን እንዴት አወቅከው? ሻሹንስ?" አለ አንዱ።

"ከእሳቸው ወሰድኩ።"

"ሻሹን ከእሷ ወስደህ መርዙን ከራስህ ጨመርክ ማለት ነው" አሉ ሀጂ ሰኢድ ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ ደግሞ "ክፍል ሁለት መቼ ይወጣል?" ብሎ ጠየቀኝ፤ የምሩን ነው።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ዘይነባ ትሪ ይዘው ከቤታቸው ወጡ። የምስር ሳንቡሳ ነው፤ ከመጥበሻው ገና መውጣቱ ነበር። ከሁሉም በፊት ለእኔ አቀረቡልኝ። ሰው ሁሉ እጄን ያያል።

አንዱን አነሳሁ። አፌ ጋ ሳደርሰው እጄ ቆመ።

ለምን እንደቆመ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። መርዙን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። የሐኪሙን ቃልም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያም ሆኖ ያን ምዕራፍ ስጽፍ በሐሳቤ የሳልኩት የሴት እጅ ይኸው ፊቴ ትሪ ይዞ ቆሟል። የቆየሁት ለቅጽበት ነው። ሌላ ሰው ያስተዋለ አይመስለኝም። እሳቸው ግን አዩ።

"አንተም?" አሉኝ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ።

በላሁ። ሁለተኛም ሦስተኛም በላሁ፤ ቃሪያው እንባዬን አመጣው። ሀጂ ሰኢድ ተነስተው አንድ አነሱ፤ ከዚያ አጠገባቸው ያለው፣ ከዚያ ሌሎችም። ጥቂት ሴቶች ትሪው ሲደርሳቸው አሳለፉት። ወይዘሮ ዘይነባ እስከ ታክሲው ሸኙኝ፤ አመሰገኑኝም። ዓይን ዓይኔን ግን አላዩም።

በዚያ ረመዳን፣ እንደ ድሮው ባይሆንም፣ ሳንቡሳቸው እንደተሸጠ ቆይቼ ከሀጂ ሰኢድ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ልብ ወለድ ጽፌያለሁ። አንባቢዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ገዳዩን እንዴት አድርገው ደበቁብን!" ይሉኛል፤ ፈገግ እላለሁ። የሰው መልክና ዝምታ ስዋስ ኖሬ አሁን ደክሞኛል። ጠመንጃ ያዥ ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም፤ ያን በር ግን ተመልሼ አንኳኩቼ አላውቅም። ያን ቀን ሠላሳ ሰው ፊት ቆሜ ስለ መጽሐፌ ተናግሬያለሁ። እጄ ስለ መቆሙ ግን ምንም አልተናገርኩም። ወይዘሮ ዘይነባ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።